የእናት እቅፍና የሕፃን መቀመጫ

አንድ ቤተሰብ በእሑድ ጧት ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ዘመድ ለመጠየቅ ተነሣ እንበል። አባት መሪውን ይይዛል፤ እናት ከጎኑ ትቀመጣለች፤ የአራት ዓመቱ ልጅ በእናቱ ጭን ላይ ይሆናል፤ አያትና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እህቱ ከኋላ ይቀመጣሉ። አባት የትራፊክ ፖሊስ እንዳይቀጣው ቀበቶውን ያስራል። እናትም እንደዚሁ ታስራለች። ሕፃኑ ግን በምንም አልታሰረም። «ልጁንስ ማን ያዘው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ እናት «እኔ ይዤዋለሁ» ብላ በሙሉ ልብ ትመልሳለች። በዚህ መልስ ውስጥ ፍቅር አለ፤ እውነት ግን የለም።

ሕፃን በእቅፍ ያድጋል። በጀርባ ይታዘላል፤ በጭን ላይ ይተኛል፤ ሲፈራም ወደ እናቱ ጉያ ይሮጣል። እቅፍ ከብርድና ከድንጋጤ ስለሚጠብቀው፣ በመኪናም ውስጥ ቢሆን ከእናት ክንድ የበለጠ መሸሸጊያ ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚገሰግስ መኪና በድንገት ሲቆም የሚፈጠረውን ኃይል የሰው ክንድ ሊቋቋመው አይችልም። ስለሆነም በመኪና ለሚጓዝ ሕፃን በልኩ የተሠራ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ከመቀመጫዎችም መካከል የሚሻለው ለልጁ አካል የሚስማማው፣ ከመኪናው ጋር በጥብቅ የሚታሰረውና በእያንዳንዱ ጉዞ በትክክል የሚሠራበት ነው። ዋጋና ውበት ከዚያ በኋላ የሚታዩ ነገሮች ናቸው።

ጉዳዩን ለመረዳት የፊዚክስ ትምህርትን ማስታወስ ይበቃል። በኒውተን የመጀመሪያ ሕግ መሠረት፣ በመንቀሳቀስ ላይ ያለ አካል የሚያቆመው ኃይል እስካላገኘ ድረስ ጉዞውን ይቀጥላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ሲቆም፣ በውስጡ ያልታሰረው ሁሉ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። ይህ ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ ነው፤ አንድ ነገር ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ወድቆ መሬት ሲደርስ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር ይተካከላል። ይህም የሦስተኛ ፎቅ መስኮት ከፍታ ያህል ነው። ከሦስተኛ ፎቅ የሚወድቅ ልጅን ከታች ሆና በክንዷ እንደምትቀልበው የምትተማመን እናት አትገኝም። በመኪና ውስጥ ግን ሳታውቀው በዚህ ትተማመናለች።

ስሌቱን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መውሰድ ይቻላል። የልጁ ክብደት 15 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ይህ ልጅ ከተጠቀሰው ፍጥነት በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ውስጥ እንዲቆም የሚያስፈልገው ኃይል ከ2,000 ኒውተን በላይ ነው። ከሁለት ኩንታል የሚበልጥ እህል በቅጽበት ክንድ ላይ እንደ መውደቅ ማለት ነው። እናት ራሷ ካልታሰረችማ አደጋው የከፋ ይሆናል፤ መላ ክብደቷ ልጁን ከፊት ለፊቱ ካለው ዳሽቦርድ ጋር ያጣብቀዋል። አንዳንዶችም በቅን ልቡና እናትንና ልጅን በአንድ ቀበቶ ያስራሉ። በዚህ ጊዜ ቀበቶው በልጁ ሆድ ላይ ያርፍና የእናቱ ክብደት ከኋላ ይጫነዋል፤ ልጁም በቀበቶውና በእናቱ መካከል ይጨፈለቃል።

ለአዋቂ የተሠራው ቀበቶ ብቻውንም ለሕፃኑ አይሆነውም። የሕፃን ራስ ከቀረው አካሉ ጋር ሲነጻጸር ትልቅና ከባድ ነው፤ የአንገቱና የዳሌው አጥንቶች ገና አልጠነከሩም። በአዋቂ ቀበቶ የታሰረ የአራት ዓመት ልጅ የላይኛው ማሰሪያ አንገቱን ያንቀዋል፤ የታችኛው ከዳሌው ሸሽቶ ወደ ለስላሳው ሆዱ ይወጣል። ግጭት በደረሰ ጊዜ ቀበቶው ራሱ ጉበቱንና አንጀቱን ሊጎዳበት ይችላል። የልጅ መቀመጫ ያስፈለገውም ኃይሉን ከሆድና ከአንገት አርቆ በትከሻ፣ በዳሌና በጀርባ ላይ ለማከፋፈል ነው።

የሰው ልጅ ይህን እውነት የተረዳው ቀስ በቀስ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይሸጡ የነበሩት የልጆች መቀመጫዎች ዋና ተግባር ልጁን ከፍ አድርጎ በመስኮት እንዲያይ መርዳትና ነጂውን እንዳያውክ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. በስዊድን የቮልቮ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ኒልስ ቦሊን ደረትንና ዳሌን በአንድነት የሚይዘውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ሠራ፤ ኩባንያውም ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ሆኖም ቀበቶው የተለካው ለአዋቂ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል አልድማን፣ የጠፈር ተጓዦች መንኩራኩራቸው ሲተኮስ ኃይሉን በመላ ጀርባቸው ከሚቀበሉበት አቀማመጥ ሐሳብ ወሰደ። ሕፃናትም ፊታቸውን ወደ መኪናው ኋላ አዙረው ቢቀመጡ፣ በፊት ለፊት ግጭት ጊዜ ራሳቸውና አንገታቸው በመቀመጫው ጀርባ ይደገፋል ብሎ አሰበ። የዚህ ዓይነቱ መቀመጫ ናሙና በ1964 እ.ኤ.አ. ተሞከረ።

እቅፍን በሚመለከት ግን ከሁሉ የሚያስተምረው በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት የሆነው ነው። በሕፃናት ሐኪሙ በዶክተር ሮበርት ሳንደርስ ብርቱ ጥረት፣ ግዛቲቱ ከአራት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በመኪና ሲጓዙ በልጆች መቀመጫ እንዲታሰሩ የሚያስገድድ ሕግ በ1977 እ.ኤ.አ. አወጣች፤ ሕጉም ከጥር 1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በአሜሪካ ግዛቶች ዘንድ የዚህ ዓይነት ሕግ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ይሁንና ሕግ አውጪዎቹ አንድ ቀዳዳ ተዉ፤ ልጁ በትልቅ ሰው እቅፍ ውስጥ ከሆነ መቀመጫው እንዲቀር ፈቀዱ። የሕጉ ደጋፊዎች ይህን ቀዳዳ ተቃውመው ተከራከሩ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ተሰረዘ። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። ከዚህ እንደሚታየው እቅፍን ማመን የአንድ ሕዝብ ብቻ ልማድ አልነበረም፤ ሌሎችም አምነውት ኖረው በማስረጃ ተረትተው ትተውታል።

ማስረጃው ዛሬ በአኃዝ ይታወቃል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዳመለከተው፣ በትክክል የሚሠራበት የልጆች መቀመጫ በቤት መኪና ውስጥ የሞት አደጋን ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በ71 በመቶ፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በ54 በመቶ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደ ሞቱ ገልጿል። ከነዚህ መካከል መከላከል ይቻል የነበረው የሕፃናት ሞት ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝን ነው፤ ሕፃን መኪናውንም ሆነ መቀመጫውን ራሱ አይመርጥምና።

እንግዲህ ያ ቤተሰብ ይህን ተረድቶ መቀመጫ ለመግዛት ወሰነ እንበል። በፊቱ ሦስት መቀመጫዎች ቀርበዋል። አንዱን የአባትየው እህት ከዋሽንግተን ስትመጣ ያመጣችው ነው፤ ያገለገለ ቢሆንም ንጹሕ ይመስላል። ሁለተኛው በገበያ የተገኘ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅና የአንበሳ ሥዕል ያለበት ነው። ሦስተኛው አመድማ ቀለም ያለው ተራ መቀመጫ ነው።

አባት የአንበሳውን አንሥቶ «ይህ ያምራል፤ ልጁም ወዶታል» አለ። አያት ግን «ልጄ ከአሜሪካ ያመጣችው እያለ ገንዘቡን ለምን ትበትነዋለህ?» ብለው ተቃወሙ። ተማሪዋ ሁለቱንም መቀመጫዎች ገልብጣ ካየች በኋላ «አባባ፣ እስቲ ይመልከቱ፤ በአንበሳው ላይ ምንም የፈተና ምልክት የለም» አለች። ወደ አያቷም ዘወር ብላ «እማማ፣ የአክስቴ መቀመጫ ከተሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እርሷም ከጎረቤት ነው የተቀበለችው፤ አደጋ ደርሶበት እንደ ሆነ አይታወቅም» አለቻቸው። አያት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያውስ ለድንች መያዣ ይሁን እንጂ ልጄ አይቀመጥበትም» አሉ።

ልጅቷ ያየችው እያንዳንዱ ገዢ ሊያይ የሚገባውን ነው። የመጀመሪያው የፈተና ምልክት ነው። በአውሮፓ ደንብ የተፈተነ መቀመጫ በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» የሚመስል የላቲን ፊደልና የደንቡ ቁጥር ያለበት መለያ ይለጠፍበታል። የቆየው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 44 ሲሆን መቀመጫዎችን በልጁ ክብደት ይመድባል፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ቁጥር 129 ደግሞ በቁመት ይመድባል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራውም የዚያን አገር የደኅንነት ደረጃ ማሟላቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አለው። ምልክት የሌለው መቀመጫ ወንበር ነው፤ መከላከያ ለመሆኑ ዋስትና የለውም።

ሁለተኛው የልጁ ልክ ነው። ዕድሜ ብቻውን አያስተማምንም፤ የአራት ዓመት ልጆች በቁመትም በክብደትም ይለያያሉና። ስለዚህ ወላጅ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ልጁን መመዘንና መለካት፣ ከዚያም በመለያው ላይ ከተጻፈው ልክ ጋር ማስተያየት ይገባዋል። ትንሹ ሕፃን መቀመጫው እስከ ፈቀደለት ድረስ ወደ ኋላ ዞሮ መቀመጥ አለበት፤ በስዊድን ብዙ ልጆች እስከ አራት ዓመት ገደማ እንዲህ ይጓዛሉ። ከዚያ ያለፈው ልጅ ወደ ፊት ዞሮ በአምስት ቦታ በሚይዝ ማሰሪያ፣ ማለትም በሁለት ትከሻው፣ በሁለት ዳሌውና በእግሮቹ መካከል ይታሰራል። ልጁን ከፍ አድርጎ የአዋቂ ቀበቶ እንዲደርስበት የሚያደርገው መቀመጫ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ «አድጓል» ለማለት ሲባል ቶሎ ወደዚህ ማሸጋገር ጥበቃውን መቀነስ ነው። ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢም ይህን መቀመጫ ሊተካ አይችልም፤ በግጭት ጊዜ ከሥሩ ይንሸራተታልና።

ሦስተኛው የመኪናው ሁኔታ ነው። አዳዲስ መኪናዎች በኋላ ወንበር መጋጠሚያ ላይ መቀመጫው የሚቆለፍባቸው ብረቶች አሏቸው፤ የሌሏቸው መኪናዎች ደግሞ መቀመጫውን በቀበቶ ያስራሉ። በአንዳንድ አሮጌ መኪና የኋላ ወንበር ላይ የሚገኘው የወገብ ቀበቶ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የራሱ ማሰሪያ ያለውና በወገብ ቀበቶ እንዲታሰር የተፈቀደ መቀመጫ ሊያገለግል ይችላል፤ ከፍ ማድረጊያው መቀመጫ ግን የትከሻ ቀበቶ ከሌለ አይሆንም። ስለዚህ ገዢው መቀመጫውን በመኪናው ላይ ሞክሮ ቢገዛ ይመረጣል።

አራተኛው የመቀመጫው ታሪክ ነው። ፕላስቲክ በፀሐይና በሙቀት ይደክማል፤ አምራቾችም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት የአገልግሎት ገደብ ያስቀምጣሉ። ከባድ ግጭት ያለፈበት መቀመጫ በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል መጣል አለበት። ይህ ማለት ያገለገለ መቀመጫ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ባለቤቱ የታወቀ፣ አደጋ ያልደረሰበት፣ ጊዜው ያላለፈና ዕቃው ያልጎደለ ከሆነ ከዘመድ ወደ ዘመድ ቢተላለፍ መልካም ነው።

ቤተሰቡ በእነዚህ መመዘኛዎች መርምሮ አመድማውን መቀመጫ መረጠ። ይሁንና ጥሩ መቀመጫ በደንብ ካልታሰረ ጥቅሙ ይቀንሳል። መቀመጫው በኋላ ወንበር ላይ መሆን አለበት። በተለይም ወደ ኋላ የሚዞር መቀመጫ የአየር ከረጢት ከሚሠራበት የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም፤ ከረጢቱ ከዐይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ተነፍቶ የመቀመጫውን ጀርባ ይመታዋልና። መቀመጫው ከታሰረ በኋላ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘው ሲወዘውዙት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ አይገባውም። የትከሻው ማሰሪያም በጣቶች ተቆንጥጦ የማይታጠፍ እስኪሆን ድረስ ይጠብቃል። ብርድ ሲሆን እናቶች ልጁን በጋቢ ጠቅልለው ያስሩታል፤ በግጭት ጊዜ ግን ጋቢው ይጨመቅና ማሰሪያው ይላላል። ልጁ አስቀድሞ መታሰር፣ ጋቢው ከማሰሪያው በላይ መደረብ አለበት።

በዚህ አሳብ ላይ ብዙ ተቃውሞ ይሰማል። «መንገዱ ቅርብ ነው፤ ቀስ ብዬ እነዳለሁ» የሚል አለ። ነገር ግን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንኳ ቢሆን ግጭቱ ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ ከመውደቅ ጋር ይተካከላል፤ ቀስ ብሎ የሚነዳውም ሰው በፍጥነት ከሚመጣው ጋር አንድ መንገድ ይጋራል። «ልጁ ያለቅሳል» የሚልም አለ። ልጅ ክትባት ሲወጋም ያለቅሳል፤ ስላለቀሰ ግን ክትባቱን የሚያስቀር አስተዋይ ወላጅ የለም። ከመጀመሪያው ጉዞ ጀምሮ ሳይታሰር መኪናው እንደማይነሣ ያወቀ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ይለምዳል። «እኛ ያለ መቀመጫ አድገን የለም ወይ?» ለሚሉትም መልሱ ቀላል ነው፤ ይህን የሚሉት በሕይወት የተረፉት ብቻ ናቸው።

የዋጋ ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። መቀመጫ ርካሽ አይደለም፤ እንደ ልብም አይገኝም። ሆኖም ለመኪናው መቶ ሺዎች ብር የከፈለ፣ የወንበር ልብስ ያለበሰና የሙዚቃ መሣሪያ የገጠመ ሰው ለመቀመጫው ገንዘብ አጣሁ ቢል ሊታመን አይችልም። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦችም በዕቁብ ሊገዙ፣ ታሪኩ የታወቀውን መቀመጫ ከዘመድ ሊቀባበሉ ይችላሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ኢትዮጵያውያን በዚያ ልጃቸውን ሳያስሩ ከደጅ አይወጡም፤ ለዕረፍት ሲመጡ ግን ያንኑ ልጅ በጭናቸው አቅፈው ይጓዛሉ። የመንገዱ ሕግ ይለያይ ይሆናል፤ የኒውተን ሕግ ግን በዋሽንግተንም በአዲስ አበባም አንድ ነው።

መኪና የሌላቸውና በታክሲ የሚጓዙት እጅግ ብዙዎች ናቸው። ቀበቶ በሌለው ሚኒባስ ውስጥ አንድ እናት ልታደርግ የምትችለው ጥቂት ነው፤ ልጇን ከፊት ወንበርና ከበሩ አርቃ ከኋላ ማስቀመጥ ትችላለች። ስለዚህ ይህን ሸክም በእርሷ ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይደለም። ሕፃናትን ወደ መዋዕለ ሕፃናት የሚያመላልሱ የሰርቪስ መኪናዎች ባለቤቶች ለእያንዳንዱ ልጅ ወንበርና ቀበቶ እንዲያዘጋጁ ወላጆች በኅብረት መጠየቅ ይገባቸዋል። ሕጉም ይህን ሊያስገድድና ተቆጣጣሪው ሊያስፈጽም ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥያቄው መነሣት ያለበት ከአደጋው በፊት ነው። ልጅ ከተቀበረ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል።

በብዙ ቤት ሕፃኑን ወደ መኪና አስገብቶ በጭኑ የሚይዘው ታላቅ እህቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ነው። መለያውን ማንበብ፣ ክብደቱን መመዘን፣ ማሰሪያው መጥበቁን በጣት መፈተን የሚችለውም የተማረው ልጅ ነው። ያ ቤተሰብ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ቢሾፍቱ ሲነሣ፣ አባት ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ወደ ኋላ ዞሮ «ታስሯል?» ብሎ ይጠይቃል። እህቱ ዘለበቱን ስባ ትፈትንና «ታስሯል» ትላለች። አያት ጋቢውን ከላይ ይደርቡለታል። እናትም ከጎኑ ተቀምጣ እጁን ትይዘዋለች፤ እቅፏ ግን ቢሾፍቱ እስኪደርሱ ይቆየዋል።